የአንድ ግቢ ልጆች፣ ሁለት ሕግ

በኖቬምበር 2024 ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የድምፅ መስጫ ወረቀቴን ይዤ ቆሜ ነበር። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ነገሩ የአሜሪካ ነውና።) ወረቀቱ ረጅም ነው፣ ፊትና ጀርባ አለው። ፕሬዚዳንቱን፣ ሴናተሩን፣ የትምህርት ቦርዱን ካለፍኩ በኋላ “ጥያቄ 1” የሚል መጣ። እርግዝናን የመከላከል፣ የመቀጠል ወይም የማቋረጥ ውሳኔ የእያንዳንዱ ሰው መሠረታዊ መብት ነው የሚል አንቀጽ በሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ላይ ይጨመር ወይስ አይጨመር? ከ“ይጨመር” አጠገብ ያለችውን ሞላላ ክብ በጥቁር እስክሪብቶ አጠቆርኳት። አምስት ሰከንድ ቢፈጅብኝ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ጋርላንድ ነው የምትኖረው፣ ዳላስ አጠገብ። የዜግነት ወረቀቷን ካገኘች ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫዋ ነበር። ስለ ጥያቄ 1 ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ “እኛ ጋ እኮ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ወረቀቱን ገልብጬ ሁሉ አይቻለሁ” አለችኝ።

ልክ ናት። ቴክሳስ ውስጥ ሕዝቡ ፊርማ አሰባስቦ አንድን ጉዳይ ለሕዝበ ውሳኔ የሚያቀርብበት መንገድ የለም። ምክር ቤቱ ካልፈለገ ጥያቄው ሕዝብ ዘንድ አይደርስም። ጆርጂያም እንደዚያው ነው።

እኔና እሷ ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። እሷ ቴክሳስ የገባችው የሚቀበላት ሰው እዚያ ስለነበረ ነው። እኔም ሜሪላንድ የገባሁት በዚያው ምክንያት ነው። ሻንጣችንን ስንጎትት ማናችንም የግዛቱን ሕግ አይተን አልመረጥንም። ዛሬ ግን አንዳችን ብታረግዝና ነገሩ ቢበላሽ፣ ሐኪሙ የሚለን የተለያየ ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዲህ ነው። በጃንዋሪ 1973 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት “ሮ ቪ ዌድ” በሚባለው ክርክር ጽንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥታዊ መብት አደረገው። መብቱ 49 ዓመት ኖረ። በጁን 24፣ 2022 ይኸው ፍርድ ቤት፣ የሚሲሲፒን ሕግ በተመለከተው “ዶብስ” በተባለ ጉዳይ፣ የቀድሞ ውሳኔውን ሻረው። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ የጻፉት ውሳኔ ጉዳዩ ለሕዝቡና ለተመረጡ ተወካዮቹ ይመለስ የሚል ነው። ሲሰማ ደስ ይላል። በተግባር ግን አንድ አገር ውስጥ ሃምሳ ዓይነት ሕግ መጣ ማለት ነው። ዛሬ ወደ 13 የሚጠጉ ግዛቶች ጽንስ ማቋረጥን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ከልክለዋል። ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ሳውዝ ካሮላይናና አዮዋ ደግሞ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይከለክላሉ።

እዚህች “ስድስት ሳምንት” ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሲሰማው አንድ ወር ተኩል የማሰቢያ ጊዜ ያለ ይመስለዋል። አይደለም። ሐኪም እርግዝናን የሚቆጥረው ካረገዘችበት ቀን ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባዋ ከጀመረበት ቀን ነው። ስለዚህ የወር አበባዋ በሰዓቱ የሚመጣ ሴት “በዚህ ወርስ ቀረብኝ” ስትል፣ በሕጉ ቆጠራ አራት ሳምንት ሞልቷታል። የቀራት ሁለት ሳምንት ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መመርመር፣ መወሰን፣ ገንዘብ ማግኘት፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅና ቀጠሮ ማግኘት አለባት። የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ የምታጠባ፣ ወይም ሌሊት መጋዘን ውስጥ እየሠራች ቀኑ የጠፋባት ሴት ከነጭራሹ ላታውቅ ትችላለች። አትላንታና ክላርክስተን ያሉ ስንት የኛ እህቶች እንደዚህ ዓይነት ሥራ ላይ እንዳሉ አንባቢ ያውቃል።

ሌላም አለ፤ ይሄን ደግሞ ቋንቋችን ራሱ ያሳየናል። በአማርኛ “አስወረዳት” እና “አስወረደች” እንላለን። የመጀመሪያው ሳትፈልግ ጽንሱ ሲጨነግፍባት ነው። ሁለተኛው ራሷ ወስና ስታቋርጥ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ የሚለየው መጨረሻው ብቻ ነው። ሆስፒታል ውስጥም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል። ማህፀን የማጽዳቱ ሥራም ያው ነው። ደም እየፈሰሳት ድንገተኛ ክፍል የገባችን ሴት ሐኪሙ የሚያክማት አስወረዳትም አስወረደችም በአንድ እጅ ነው። ሕጉ ግን በሁለቱ መካከል የእስር ቤት በር አቆመ።

ቴክሳስ ውስጥ ሕጉን ጥሷል የተባለ ሐኪም እስከ ዕድሜ ልክ ሊታሰር ይችላል። ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር ይቀጣል፣ ፈቃዱንም ያጣል። ሕጉ የእናትየው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ይፈቅዳል። ታዲያ አደጋው ምን ያህል ሲሆን ነው? ትኩሳቷ ስንት ሲደርስ? ምን ያህል ደም ሲፈስ? ሐኪሙ ይህን ለማወቅ ወደ ሆስፒታሉ ጠበቃ ይደውላል። እሷ አልጋው ላይ ናት።

ጆርጂያ ውስጥ ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት በ2022 ክረምት አንዲት ወጣት እናት ሞተች። ከሌላ ግዛት ያገኘችው መድኃኒት እምብዛም የማያጋጥም ችግር አስከተለባትና ሆስፒታል ገባች። ማህፀኗን ማጽዳት ነበር የሚያስፈልገው፤ ለሰዓታት ዘገየ። የግዛቱ የራሱ የእናቶች ሞት መርማሪ ኮሚቴ ሞቷን ማስቀረት ይቻል ነበር ብሎ ደምድሟል። ቴክሳስም በ2025 ሐኪሞች መቼ ጣልቃ መግባት እንደሚችሉ የሚያብራራ ተጨማሪ ሕግ አውጥቷል። ሕጉ ግልጽ ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ ባላስፈለገው ነበር።

እዚህ ላይ አገር ቤትን ላንሳ። በ2005 (በኛ አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም.) የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርሕ ይከለክላል። ግን በአንቀጽ 551 በሮች ከፍቷል። ተደፍራ ላረገዘች፣ ከቅርብ ዘመድ ላረገዘች፣ ጤናዋ አደጋ ላይ ላለ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰች ልጅ ይፈቅዳል። ለተደፈረችው ደግሞ ቃሏ ይበቃል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም። የቴክሳስ ሕግ ለተደፈረች ሴት የሚለው ነገር የለም። ብዙዎቻችን የተሻለ መብት ፍለጋ ነው የመጣነው። በዚህ ጉዳይ ግን ከአዲስ አበባ ዳላስ የመጣች ሴት ያገኘችው የባሰ ሕግ ነው።

ታዲያ ምን ይደረጋል? የፌዴራሉ በር ከተዘጋ በኋላ ትግሉ ወደ ግዛቶቹ ወርዷል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከተጠበቀው በላይ ሠርቷል።

ካንሳስን እንይ። በ2020 ዶናልድ ትራምፕ በ15 ነጥብ ገደማ ያሸነፉባት፣ የገበሬና የቤተ ክርስቲያን አገር ናት። የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሴት በገዛ አካሏ ላይ የመወሰን መብቷን ይጠብቃል ብሎ ነበር። ምክር ቤቱ ይህን ለመሻር የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አረቀቀ። ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን ኦገስት 2፣ 2022 አደረገው። በወትሮው ያን ጊዜ የፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ ስለሆነ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። የዶብስ ውሳኔ ከመጣ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። መብቱ እንዲቆይ የሚፈልግ ሰው “አይሆንም” ማለት ነበረበት። 59 በመቶው “አይሆንም” አለ።

ካንሳስ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሁሉም ሰው ሐሳቡን ቀይሮ አይደለም። ጥያቄው ተቀይሮ ነው። የመብቱ ተሟጋቾች ስለ ፓርቲ አላወሩም። “መንግሥት በቤታችሁ ጉዳይ ጣልቃ ይግባ ወይ?” ነው ያሉት። እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ በኛም መካከል ቢሰማ እመኛለሁ። አንድን አጥባቂ ኦርቶዶክስ፣ ወይም አጥባቂ ሙስሊም፣ ወይም ጴንጤ “ጽንስ ማቋረጥ ጥሩ ነው ወይ?” ብትሉት መልሱን ታውቁታላችሁ። “እህትህ ደም እየፈሰሳት ሐኪሙ ዐቃቤ ሕጉን ፈርቶ ይጠብቅ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት። ሌላ ሰው ነው የሚመልስላችሁ። ሁለቱም መልሶች የእውነቱ ናቸው። እምነቱን አልተወም። እምነቱን በፖሊስ ማስፈጸም ግን አልፈለገም። እናቴም እንደዚያ ናት። እንኳን ሌላውን የእርግዝና መከላከያ ራሱ አይጥማትም። ሰው በእምነቱ ምክንያት ሴት ትሙት ሲል ስትሰማ ግን ተነሥታ ነው የምትሄደው።

ኦሃዮና ፍሎሪዳ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳዩናል፤ ቁጥሩ ራሱ ያስደነግጣል። ኦሃዮ በኖቬምበር 2023 መብቱን ሕገ መንግሥት ውስጥ ለማስገባት ድምፅ ሰጠች። 57 በመቶ ገደማ “እንቀበላለን” አለ፤ አለፈ። ፍሎሪዳም በኖቬምበር 2024 ድምፅ ሰጠች። እዚያም 57 በመቶው ደገፈ፤ ወደቀ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሕገ መንግሥት ለማሻሻል 60 በመቶ ያስፈልጋል። ይህ የ60 በመቶ ደንብ የገባው በ2006 ነው። ያን ጊዜ ደንቡ ራሱ ያለፈው 58 በመቶ ባልሞላ ድምፅ ነበር።

የኦሃዮ ፖለቲከኞችም ይህን መንገድ ያውቁት ነበር። ዋናው ድምፅ ሦስት ወር ሲቀረው፣ በኦገስት 2023፣ መስፈርቱን ወደ 60 በመቶ ለማሳደግ ልዩ ምርጫ ጠሩ። ሕዝቡ በኦገስቱ ሙቀት ወጥቶ ውድቅ አደረገው። የዚያን ቀን ባይወጣ ኖሮ፣ በኖቬምበር ያገኘው 57 በመቶ እንደ ፍሎሪዳው ባዶ እጁን ያስቀረው ነበር። የሴትን መብት መጠበቅ አንዳንዴ እንዲህ አሰልቺ ነው። “የማሻሻያ መስፈርት” የሚል ርዕስ ያለው፣ ስለ ሴት አንድም ቃል የማያነሳ ወረቀት ላይ ድምፅ መስጠት ነው።

በ2024 ከሜሪላንድ ሌላ አሪዞና፣ ኮሎራዶ፣ ሞንታናና ሚዙሪ አጽድቀዋል። ሜሪላንድ በ76 በመቶ ገደማ ነው። ኔቫዳም በ64 በመቶ ደግፏል፤ እዚያ ግን ሕጉ ሁለት ጊዜ ድምፅ ስለሚጠይቅ ጉዳዩ በ2026 ይመለሳል። ላስ ቬጋስ ያላችሁ “አንዴ ሰጥተናል” ብላችሁ እንዳትቀሩ። ሳውዝ ዳኮታና ነብራስካ ላይ አልተሳካም።

የዳኞችን ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2023 የስድስት ሳምንቱን ክልከላ ሦስት ለሁለት ሻረው። ብይኑን የጻፉት በፍርድ ቤቱ ብቸኛዋ ሴት ዳኛ ነበሩ። ጡረታ ወጡ፣ በምትካቸው ወንድ ተሾመ። ምክር ቤቱ ያንኑ የመሰለ ሕግ መልሶ አወጣ። በኦገስት ያው ፍርድ ቤት አራት ለአንድ አጸናው። በስምንት ወር ውስጥ የተቀየረው አንድ ወንበር ነው። ዊስኮንሲን ደግሞ በተቃራኒው ነው የሄደችው። ዳኞችን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ በ2023ም በ2025ም ሕዝቡ በብዛት ወጣ። በጁላይ 2025 ፍርድ ቤቱ ከ1849 ጀምሮ የተቀመጠውን የክልከላ ሕግ አራት ለሦስት ውድቅ አደረገው። አሪዞና በ2024 የ1864 ሕግ ከመቃብር ሊነሳባት ነበር። ያ ሕግ ሲወጣ አሪዞና ራሷ ግዛት አልነበረችም፤ ሴቶችም ድምፅ አይሰጡም ነበር። አገረ ገዥዋ ኬቲ ሆብስ ምክር ቤቱ የሻረበትን ሕግ በሜይ 2 ፈረሙ።

ግን ድምፅ ሰጥቶ ማሸነፍ ብቻውን ክሊኒክ አይከፍትም። ይህን ሚዙሪ አስተምራናለች። በ2024 በ51.6 በመቶ አጽድቃ፣ ሙሉ ክልከላን በሕዝብ ድምፅ የሻረች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። ደስ ብሎን ሳናበቃ የፍርድ ቤት ክርክር ተጀመረ። የክሊኒክ ፈቃድ ደንብ፣ ሌላ ደንብ፣ ይግባኝ። በ2025 መጀመሪያ አገልግሎቱ ተጀመረ፤ በሜይ መጨረሻ ቆመ፤ በጁላይ ተመለሰ። ቀጠሮ ይዛ ስልክ የምትጠብቅ ሴት ሕገ መንግሥቱ ምን እንዳለ ሳይሆን ነገ በሩ ይከፈት እንደሆነ ነው የምትጠይቀው። በዚህ መሐል ምክር ቤቱ ሕዝቡ ያጸደቀውን የሚሽር አዲስ ማሻሻያ ለ2026 አዘጋጀ።

አሁን ወደ ጋርላንድ ልመለስ። ሕዝበ ውሳኔ በሌለበት ግዛት ያለችን ሴት ማን ይከላከልላታል? መልሱ ጎረቤት ነው። በ2023 ካንሳስና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አገልግሎት ካገኙት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ከሌላ ግዛት የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ የቴክሳስ ሰዎች ነበሩ ብል ብዙ አልሳሳትም። ከዳላስ እስከ ዊቺታ በመኪና ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ካንሳሶች በዚያ ኦገስት “አይሆንም” ሲሉ የጋርላንድንም ሴት በር ክፍት አድርገው ነበር። ይሄን ሳስብ ልቤ ይሞቃል።

ሁለተኛው የጎረቤት ሥራ የከለላ ሕግ የሚባለው ነው። ኒው ዮርክ፣ ማሳቹሴትስ፣ ካሊፎርኒያና ሌሎችም አውጥተውታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የኛ ሐኪም እኛ ግዛት ተቀምጣ፣ በኛ ሕግ መሠረት፣ ሌላ ግዛት ላለች ታካሚ በስልክ ወይም በቪዲዮ አማክራ መድኃኒት ብትልክ፣ ያኛው ግዛት ሲከሳት አሳልፈን አንሰጥም ነው። ሚፌፕሪስቶን የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2000 ያጸደቀው መድኃኒት ነው። ዛሬ ከሚደረገው ጽንስ ማቋረጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመድኃኒት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ወደ ፖስታ ሳጥኑ መጥቷል።

በጃንዋሪ 2025 ሉዊዚያና አንዲት የኒው ዮርክ ሐኪም ላይ የወንጀል ክስ መሠረተች። የኒው ዮርክ አገረ ገዥ ካቲ ሆኩል አሳልፌ አልሰጥም አሉ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወንጀል ሠርቶ ከግዛት ወደ ግዛት የሸሸን ሰው መልሱ ይላል። ሐኪሟ ግን ሉዊዚያና ውስጥ አልነበረችም፤ ከየት ሸሸች ይባላል? ቴክሳስም በዚያችው ሐኪም ላይ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ አስፈርዳ ፍርዱን ለማስመዝገብ ወደ ኒው ዮርክ ላከች። የአልስተር ካውንቲ ጸሐፊ ወረቀቱን አልመዘግብም ብለው መለሱት። የካውንቲ ጸሐፊ ማለት ስማቸውን ማንም ሳያውቅ የሚመረጡ ባለሥልጣን ናቸው፤ የንብረት ወረቀትና የፍርድ ቤት መዝገብ ነው ሥራቸው። መብቱ የዚያን ቀን እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ከሉዊዚያናው ክስ በኋላ ወዲያው ኒው ዮርክ አንዲት ትንሽ ሕግ ጨምራ ነበር። በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት የሐኪሟ ስም ቀርቶ የክሊኒኩ ስም ብቻ እንዲጻፍ ፈቀደች። የመድኃኒት ብልቃጥ ቤታችሁ ካለ አንሱና እዩት። የናንተ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ከታች የሐኪሙ ስም። ያቺን አንዷን መስመር ነው ያነሱት። አንድ ቀን ፖሊስ እጅ ቢገባ ሐኪሟን የሚያመለክት ነገር እንዳይኖር። ቴክሳስ በበኩሏ ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ መድኃኒቱን የሚልክን ሰው ግለሰቦች ከሰው ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር እንዲያስፈርዱበት ፈቅዳለች። ይህ መሳሳብ ገና አላለቀም። ከላይ ደግሞ ፌዴራል መንግሥቱ አለ፤ የመድኃኒቱን ፈቃድ ቢያጠብቅ ወይም ኮንግረስ አገር አቀፍ ክልከላ ቢያወጣ የሜሪላንድም አጥር ሊፈርስ ይችላል።

ስለ ገንዘብም ልበል። ከ1976 ጀምሮ ሃይድ የሚባለው ማሻሻያ የፌዴራል የሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ገንዘብ ለጽንስ ማቋረጥ እንዳይውል ይከለክላል፤ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ናቸው የሚፈቀዱት። ደሃዋ ሴት ሜዲኬይድ ካላት የሚከፍልላት ግዛቷ ከራሱ ኪስ ካወጣ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ያወጣል። በ2025 ደግሞ በየወሩ ከኢንሹራንስ ክፍያ ላይ ለዚሁ ተብሎ ሲቆረጥ ቆይቶ የተጠራቀመ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ያንን ኢንሹራንስ ለሌላቸውና መክፈል ላቃታቸው እንዲውል ሕግ አወጣ። መንገድ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ግን የራሷን የግብር ገንዘብ እንኳ ለዚህ እንዳታውል ኮንግረስ ይከለክላታል። ዩ ስትሪት ላይ የምትኖር ሜዲኬይድ ያላት ሴትና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው መካከል ያለው የሜትሮ ጉዞ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

በኛ መካከል ይህ ወሬ የሚወራው በሹክሹክታ ነው። ቡና ላይ አንዷ ትጀምረውና ሌላዋ ሕፃናቱን “ውጪ ተጫወቱ” ትላለች። ዝምታው የት እንደሚያደርስ አንድ ቀን አይቻለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሆስፒታል አንዲት የማውቃትን ሴት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጽንሱ ጨንግፎባታል። እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው። አስተርጓሚ አልተጠራላትም። ሐኪሙ የሚናገረውን የምታስተረጉምላት የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ነበረች። ልጅቷ እዚህ ነው የተወለደችው፤ “ጨነገፈ” የሚለውን ቃል ከየት ታውቀዋለች? እናቷን እያየች “እማ፣ ቤቢው የለም አሉ” አለቻት። ከዚያ ሐኪሙ “የወሰደችው ነገር አለ?” ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆንኩ ጥያቄው የሕክምና ብቻ ነበር። ቴክሳስ ብንሆንስ ብዬ ግን ለብዙ ቀን አስቤአለሁ። “አስወረዳት” እና “አስወረደች” ተሳስታ ብታስተረጉምስ? ስለዚህ ይህን ለሁሉም ሰው ንገሩ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ እንዲያስተረጉሙ መስማማት የለባችሁም። “አማርኛ” የምትለዋን ቃል ብቻ በሉ፣ በስልክም ቢሆን ያመጡላችኋል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እነዚህ የክልከላ ሕጎች የሚያስሩት ሐኪሙን እንጂ ሴትየዋን አይደለም። ወደ ሌላ ግዛት ሄዶ መታከምም ለአዋቂ ሴት ወንጀል አይደለም። ይህን ባለማወቅ ደም እየፈሰሳት ቤቷ የምትቀመጥ ሴት እንዳትኖር ነው የምጽፈው።

በ2026 ብዙ ነገር አለ። ሚዙሪና ኔቫዳ ከላይ የጠቀስኳቸው ናቸው። ካንሳስ በኦገስት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በሕዝብ ይመረጡ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ወረቀቱ ስለ እርግዝና ምንም አይልም። የ2019ኙን ውሳኔ የሰጠውን ፍርድ ቤት ግን መልኩን ሊቀይረው ይችላል። ቨርጂኒያ ዶብስ ከመጣ ወዲህ አዲስ ክልከላ ያላወጣች ብቸኛዋ የደቡብ ግዛት ናት። የመብት ማሻሻያዋን ምክር ቤቱ በ2025 አንድ ጊዜ፣ በ2026 መጀመሪያ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አጽድቆታል። በሕጓ መሠረት ከምርጫ በኋላ የሚሰበሰበው ምክር ቤት ደግሞ ካጸደቀው በኋላ ነው ለሕዝብ የሚቀርበው። አሌክሳንድሪያና ስፕሪንግፊልድ ያላችሁ ወገኖች፣ ያቺን ሞላላ ክብ የምታጠቁሩበት ተራ የናንተ ነው።

የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት አይመጣላትም። ሰሞኑን ይሄንኑ ስንጨዋወት “ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?” አለችኝ። ቴክሳስ ውስጥ ዋና ዐቃቤ ሕጉን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው አልኳት። የግዛቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም እንደዚያው። ሐኪሟን የሚከስሰው እሱ ነው፣ “አደጋው በቂ ነው” ወይም “አይደለም” የሚሉት እነሱ ናቸው። ጎረቤቷ አንዲት ሐበሻ ዜግነት ካገኘች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እስካሁን ለመምረጥ አልተመዘገበችም። ምዝገባው ከምርጫው 30 ቀን በፊት ማለቅ አለበት፤ እንደ ሜሪላንድ በስልክ ነክቶ የሚያልቅ አይደለም፣ ቅጹ በወረቀት ተሞልቶ ነው የሚላከው።

ቅዳሜ ደወለችልኝ። ቡና አፍልታ ጎረቤቷን ጠርታት ቅጹን አብረው ሞልተዋል። ሰኞ ወደ ሥራ ስትሄድ ፖስታ ቤት ትጥለዋለች።